ኮዳው ተገዝቷል፤ ውሃውስ ከየት ይሞላ? ወደ ጣና ለሚሄድ ሰው የመጠጥ ውሃ አማራጮች ሲነጻጸሩ

ባለፈው ጥር የአጎቴ ልጅ ከነቤተሰቡ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር መጣ። አምስት ሰው ናቸው። በማግስቱ ጀልባ ተከራይተን ዘጌ ሄድን። ዑራ ኪዳነ ምሕረትን አይተን፣ ቡናውን ጠጥተን ስንመለስ የጀልባው ወለል ላይ የሚንከባለለውን ሃይላንድ ለቀምኩ። ሃያ ሦስት ሆነ፤ ሁሉም ባለ ግማሽ ሊትር። ግማሾቹ ውስጥ ውሃ አለ። ልጆቹ ሁለት ጊዜ ጎንጨት ያደርጉና «ይሄ ሞቋል» ብለው አዲስ ይከፍታሉ።

ባለ ጀልባው አንዱን አነሳና አንገቱን በቢላ ቆረጠው። ከዚያ ጀልባው ውስጥ የገባውን ውሃ ይጨልፍበት ጀመር። የድሮው መጨለፊያ ተሰንጥቆበታል። ከሃያ ሦስቱ ሥራ ያገኘው ያ አንዱ ብቻ ነው።

የሚገርመው፣ የአጎቴ ልጅ ሚስት ለእያንዳንዳቸው ቆንጆ የብረት ኮዳ ገዝታ ነበር የመጣችው። አምስቱም ኮዳ ቦርሳ ውስጥ ባዶውን ተቀምጧል። ምነው ስላት፣ «እሺ፣ ከየት ልሙላው?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ስለ ፕላስቲክ ሲወራ ሁሉም ሰው ኮዳ ግዙ ይላል፤ ቀሪውን የሚናገር የለም። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ለዚያ ጥያቄዋ ነው። የትኛው ኮዳ ያምራል የሚለውን ለባለ ሱቆቹ እንተወውና፣ የሚሞላውን ውሃ ከየት እናገኛለን የሚለውን አማራጮቹን ጎን ለጎን አድርገን እንይ።

በምን እንመዝናቸው?

አንደኛ ጤና። ሆድ ቁርጠት ይዞት ሐይቅ መሀል የተቀመጠ ሰው ያውቀዋል። ውሃ ውስጥ የምንፈራቸው ሦስት ዓይነት ናቸው። ባክቴሪያ አለ፤ ታይፎይድና ኮሌራ ከእሱ ነው። ጥገኛ ተውሳክ አለ፤ አሜባና ጃርዲያ። ቫይረስም አለ፤ ለምሳሌ ሄፓታይተስ ኤ። አንዱን ገድሎ ሌላውን የሚተው ዘዴ ስላለ፣ ልዩነቱን ማወቅ ይጠቅማል። ፕላስቲክ ለመቀነስ ብሎ ታይፎይድ የሚገዛ ሰው ደግሞ የለም። የማትተማመኑበት ውሃ ብቻ ካለ፣ የታሸገውን ግዙና ጠጡ።

ሁለተኛ የሚተርፈው ቆሻሻ፣ በተለይ የት እንደሚተርፍ። ባሕር ዳር ላይ የተጣለ ጠርሙስና ደቅ ደሴት ላይ የተጣለ ጠርሙስ አንድ አይደሉም። ደሴት ላይ የቆሻሻ መኪና አይሄድም። ወይ ይቃጠላል፣ ወይ ይቀበራል፣ ወይ ነፋስ ወስዶ ደንገሉ ውስጥ ይወትፈዋል።

ሦስተኛ ወጪ። በብር አልጽፍም፤ እስክታነቡት ዋጋው ይለወጣል። በጠርሙስ ብዛት እንቁጠረው። አንድ ሰው ፀሐይ ላይ ሲውል በቀን 2 ሊትር ገደማ ይጠጣል እንበል። አምስት ሰው ለሦስት ቀን 30 ሊትር ይፈልጋል። ይህ 60 ባለ ግማሽ ሊትር፣ ወይም 15 ባለ 2 ሊትር፣ ወይም አንድ ተኩል ባለ 20 ሊትር ጃር ነው። ቁጥሩን ያዙት፤ ኋላ እንመለስበታለን።

አራተኛ ጣጣው። ሌሊት ተነስቶ ውሃ የሚያፈላ አለ፤ ጀልባው ሊነሳ ሲል ብቻ ውሃ ትዝ የሚለው አለ። ራሳችሁን ታውቁታላችሁ።

የታሸገ ውሃ

ሃይላንድ የአንድ ውሃ ስም ነበር። አሁን የማንኛውም ፕላስቲክ ጠርሙስ ስም ሆኗል። ከአዲስ አበባ በመኪና የመጣ ሰው፣ መንገድ ዳር ያሉ ሕፃናት «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» እያሉ እጃቸውን ሲያወዛውዙ አይቷል። ባዶውን ነው የሚፈልጉት።

ስለዚህ እኛ አገር ጠርሙስ አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉት ነው ብሎ ነገሩን መዝጋት ልክ አይመስለኝም። ዘይት ይገባበታል፣ አረቄ ይገባበታል፣ ማር፣ ናፍጣ፣ ጸበል። ከተማ ውስጥ ቆራሌው አለ። ግን እኔ እንዳየሁት ተፈላጊው ባለ 1ና ባለ 2 ሊትሩ ነው። ባለ ግማሽ ሊትሩን ማንም አይጓጓለትም፤ እኛ ለሽርሽር የምንገዛው ደግሞ እሱን ነው። ከፕላስቲኩም አንጻር ብታዩት፣ አራት ትንንሽ ጠርሙስ ከአንድ ትልቅ ጠርሙስ የበለጠ ፕላስቲክ ይፈጃል። ክዳኑም አራት ነው።

የታሸገ ውሃ መግዛት ግድ ከሆነ ባለ 2 ሊትሩን ገዝታችሁ ወደ ኮዳ ገልብጡት። 60 የነበረው ወደ 15 ይወርዳል። ሌላ ምንም ሳትለውጡ ማለት ነው። ስትገዙ የክዳኑን ቀለበት እዩ፤ ከክዳኑ ተላቆ ከሆነ ተከፍቷል። ባዶውን ደግሞ ደሴት ላይ አትተዉ፤ ወደ ከተማ ይዛችሁት ተመለሱ።

ባለ 20 ሊትር ጃር

በየቢሮው የተገለበጠው ትልቁ ጠርሙስ ነው። መያዣ ታስይዛላችሁ፣ ውሃው ሲያልቅ ጃሩን መልሳችሁ ሌላ ትወስዳላችሁ። ጃሩ ታጥቦ እንደገና ስለሚሞላ የሚጣለው ክዳኑና ማሸጊያው ብቻ ነው። አንድ ቦታ ከሁለት ሌሊት በላይ ለሚያርፍ ቤተሰብ ከዚህ የሚቀል የለም። ጠዋት ሁሉም ኮዳውን ይዞ ይሰለፋል፣ ይሞላል፣ ይወጣል።

ማረፊያ ቤቱ ራሱ ጃር ካለው ደግሞ የበለጠ ይቀላል። እዚህ ላይ ግን አንድ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። አንድ ፔንሲዮን አርፌ ኮሪደሩ ላይ ካለው ጃር ስጠጣ ሰነበትኩ። ሦስተኛው ቀን ማለዳ ስወጣ፣ ያንኑ ጃር ግቢ ውስጥ ካለው ቧንቧ በጎማ ሲሞሉት ደረስኩ። ልጁ አልደነገጠም። «ያው ውሃ ነው» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ማሸጊያው ፊቴ ሲቀደድ ካላየሁ አልጠጣም። እናንተም እንደዚያ አድርጉ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ድክመቱ ግልጽ ነው። 20 ኪሎ ይዛችሁ ባጃጅ ላይ ትወጣላችሁ እንጂ ተራራ አትወጡም። ለአንድ ቀን እንግዳም ትርፍ ነው።

ማፍላት

እናቶቻችን የሚያውቁት ዘዴ ነው፤ እስካሁን የሚበልጠው አላገኘሁም። ባክቴሪያውንም፣ ተውሳኩንም፣ ቫይረሱንም ይገድላል። ሦስቱንም በአንድ ጊዜ ከሚይዙት ጥቂት መንገዶች አንዱ ነው።

ብዙ ሰው የሚጠይቀው፣ ስንት ደቂቃ የሚለውን ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ላይ ሳይሆን 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ይህም ይበቃል። የሚሰጠው ምክር ከ2,000 ሜትር በታች ውሃው ከተንፈቀፈቀ በኋላ አንድ ደቂቃ፣ ከዚያ በላይ ሦስት ደቂቃ ነው። ስለዚህ ባሕር ዳርና ዘጌ ላይ አንድ ደቂቃ። ጉዞው ወደ ጎንደር፣ ደባርቅ ወይም ላሊበላ ከቀጠለ ሦስት ደቂቃ። ሃያ ደቂቃ ማንፈቅፈቅ ከሰል መጨረስ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ማታ አፍሉ። የደፈረሰ ከሆነ መጀመሪያ አስቀምጡት፣ ይጥለል፤ ከዚያ በንጹሕ ነጠላ አጥሉት። ከፈላ በኋላ ክዳኑን ሳታነሱ አሳድሩት፤ ጠዋት ወደ ኮዳ ገልብጡ። ትኩሱን ፕላስቲክ ኮዳ ውስጥ አትጨምሩ፤ ይጣመማል፣ ይሸታልም። የፈላ ውሃ ጣዕሙ ሞቶብኛል የሚል ካለ፣ በሁለት ዕቃ ከፍ አድርጎ ቢያገላብጠው አየር ይገባበትና ይሻላል።

ፔንሲዮን ውስጥ በኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ ይቻላል። መብራት ከጠፋ ግን ወደ ወጥ ቤት መሄድ ነው። ጨዋ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይሠራል፤ «እናቴ፣ ይችን ውሃ አንድ ጊዜ ታፈሉልኝ?» ብሎ ትንሽ ጉርሻ መተው። ዘጌ ላይም ጀበና በተጣደበት ቤት ሁሉ እሳት አለ።

ማፍላት የማያድነው ነገርም አለ። ሐይቁ ዳር አረንጓዴ ቀለም የፈሰሰበት የመሰለ ውሃ ካያችሁ ከዚያ አትቅዱ። አንዳንዱ አልጌ የሚያመነጨው መርዝ በማፍላት አይጠፋም። ለማፍላትም ቢሆን የቧንቧ ውሃ ከሐይቅ ውሃ የተሻለ መነሻ ነው።

ክሎሪን

ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው ፈሳሽ ነው፤ ብዙ ሰው «ውሃ አጋር» በሚለው ስም ያውቀዋል። እንክብልም አለ። ከሁሉም ርካሹ ነው፤ አንዲት ትንሽ ጠርሙስ ብዙ ጀሪካን ታክማለች። ጨምሮ 30 ደቂቃ መጠበቅ ነው፣ በቃ።

ሁለት ነገር አስተውሉ። አንደኛ፣ ፈሳሹ የተለካው ለጀሪካን ነው። አንድ ሊትር ኮዳ ላይ በግምት ጠብ ጠብ ማድረግ ስህተት ነው፤ ወይ ያንሳል ወይ ያቃጥላል። ማታ ጀሪካኑን አክማችሁ ጠዋት ከሱ ቅዱ። መንገድ ላይ አንድ ሊትር ማከም ከፈለጋችሁ ለሊትር የተለካውን እንክብል ያዙ። ሁለተኛ፣ የደፈረሰ ውሃ ክሎሪኑን ይበላዋል፤ መጠኑ ከፍ ይላል፣ ስለዚህ ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ባክቴሪያና ቫይረስ ላይ ጎበዝ ነው። ጃርዲያ ላይ ይደክማል። ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባለው ተውሳክ ላይ ደግሞ ከነጭራሹ አይሠራም።

ሽታው? ሌሊቱን ከፈት አድርጋችሁ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኑት፤ ይቀንሳል።

ማጣሪያ

ተጓዦች የሚይዙት፣ እጅ መዳፍ የሚያህለው ማጣሪያ ነው። ውስጡ የክር ያህል ቀጫጭን ቱቦዎች አሉት። ቀዳዳቸው 0.1 ማይክሮን ገደማ ስለሆነ ባክቴሪያና ተውሳክ አያልፍም። ቫይረስ ግን ያልፋል። ቫይረሱን ለመያዝ ያጣራችሁትን በክሎሪን መድገም አለባችሁ፤ ያኔ ሦስቱም ይሸፈናሉ።

መጀመሪያ ሲገዛ ውድ ነው። እዚህ ሱቅ ውስጥ እንደ ልብ አይገኝም፤ ብዙው የሚመጣው ከውጭ በዘመድ ነው። አንዴ ከተገኘ ግን ለዓመታት ያገለግላል፤ ውሃ ባለበት ሁሉ ውሃ አላችሁ። ለእግረኛ የሚመቸው ለዚህ ነው፤ ከባዱን ውሃ አይሸከምም።

ጠላቱ ጭቃና ውርጭ ነው። ከሐምሌ እስከ መስከረም ግልገል አባይ፣ ርብና ጉማራ አፈር ይዘው ሲገቡ የጣና ውሃ ቡናማ ይሆናል። በዚያ ወቅት ማጣሪያው ቶሎ ይደፈናል፤ በየቀኑ ወደ ኋላ ንጹሕ ውሃ እየገፋችሁ ማጠብ ይኖርባችኋል። ከጣና ወደ ሰሜን ተራሮች የምትቀጥሉ ከሆነ ደግሞ ሌሊት ማጣሪያውን ብርድ ልብስ ውስጥ አስተኙት። በውስጡ የቀረው ውሃ በረዶ ከሠራ ቱቦዎቹ ይሰነጠቃሉ፤ ከውጭ ደግሞ ምንም አይታይም።

በአልትራቫዮሌት ጨረር የሚሠራ የባትሪ መብራትም አለ። ሦስቱንም ይገድላል፣ ፈጣን ነው። ግን ጥርት ያለ ውሃና የሞላ ባትሪ ይፈልጋል። መብራት በሚጠፋበት ቦታ ብቻውን አላምነውም።

የመስታወት ጠርሙስ

ካፌ ቁጭ ብላችሁ የምትጠጡ ከሆነ አምቦ ውሃ በመስታወት እዘዙ። ጠርሙሱ ወደ ሳጥኑ ይመለሳል፣ እንደገና ይሞላል። ለመንገድ አይሆንም፤ ለጀልባማ ጭራሽ።

በአንድ እይታ

| አማራጭ | ባክቴሪያ | ተውሳክ | ቫይረስ | ጊዜ | ወጪ | የሚጣል ፕላስቲክ (5 ሰው፣ 3 ቀን) |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ባለ ግማሽ ሊትር የታሸገ | ✓ | ✓ | ✓ | ወዲያው | ከሁሉም ከፍተኛ | 60 ጠርሙስ |
| ባለ 2 ሊትር የታሸገ | ✓ | ✓ | ✓ | ወዲያው | መካከለኛ | 15 ጠርሙስ |
| ባለ 20 ሊትር ጃር | ✓ (ማሸጊያው ካልተነካ) | ✓ | ✓ | ወዲያው | ዝቅተኛ፣ ግን መያዣ አለው | ሁለት ክዳንና ማሸጊያ |
| ማፍላት | ✓ | ✓ | ✓ | ማታ አፍልቶ ማሳደር | የማገዶ ወይም የመብራት | የለም |
| ክሎሪን | ✓ | በከፊል | ✓ | 30 ደቂቃ | ከሁሉም ዝቅተኛ | አንዲት ትንሽ ጠርሙስ |
| ማጣሪያ | ✓ | ✓ | አይዝም | ጥቂት ደቂቃ | መግዣው ውድ፣ ከዚያ ነጻ | የለም |
| ማጣሪያ ከክሎሪን ጋር | ✓ | ✓ | ✓ | ከ30 ደቂቃ በላይ | መግዣው ውድ | ትንሽ |

ለማን የቱ?

*ለአንድ ቀን ዘጌ ደርሶ ለሚመለስ።* አትጨነቁ። ከማረፊያችሁ ማታ የፈላ ውሃ ወይም ማሸጊያው ሲቀደድ ያያችሁት ጃር ካለ ኮዳችሁን ሙሉ። ከሌለ ባለ 2 ሊትር ገዝታችሁ ገልብጡ። ለአንድ ሰው አንድ ሊትር ተኩል ያዙ፤ ቀሪውን ቡናው ይሞላዋል፣ እሱም የፈላ ውሃ ነው። ክብራን ገብርኤልን ካከላችሁ ትንሽ ጨምሩ። እዚያ ሴት ስለማትገባ ሴቶቹ ጀልባው ጋ ይጠብቃሉ። ውሃ የሚያልቀው፣ ፀሐዩም የሚበረታው ያኔ ነው።

*ልጆች ይዞ ለሚመጣ ቤተሰብ።* ጃር። በኮዳው ላይ የልጁን ስም ጻፉበት። እኛ ጀልባ ላይ ከጣልነው ውሃ ግማሹ «ይሄ የማን ነው?» በሚል የተደፋ ነው። ውሃ ሞቀ ለሚሉት ደግሞ፣ ኮዳውን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ነፋስ የሚነካው ጥላ ላይ አኑሩት። ለጨቅላ ወተት የሚበጠበጥበትን ውሃ ግን ከየትም ይምጣ አፍሉት።

*ገንዘብ ለሚቆጥብ ተማሪና ለተሳላሚ።* ክሎሪን ወይም ማፍላት። ኮዳ መግዛትም አያስፈልግም፤ አንድ ያለቀ ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ለጉዞው ይበቃል። ብቻ በሶ አትበጥብጡበት። አንገቱ ጠባብ ስለሆነ አይታጠብም፣ በማግስቱ ይኮመጥጣል። ጸበል ይዞ ለሚመለስ ደግሞ አንዲት ትንሽ ጀሪካን ከቤት። የገዛውን ውሃ ደፍቶ ጠርሙሱን ለጸበል የሚያደርግ ሰው ስንት ጊዜ አይቻለሁ።

*ደቅ ደሴትና ናርጋ ሥላሴ ድረስ ለሚሄድ፣ ወይም በእግር ለሚጓዝ።* ማጣሪያ ከክሎሪን እንክብል ጋር። ሩቅ ነው፣ ቆሻሻችሁንም መልሳችሁ መጫን አለባችሁ፤ ባይፈጠር ይቀላል።

ኮዳውን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ። አፉ ሰፊ ይሁን፤ እጅ ወይም ብሩሽ የማይገባበትን አትግዙ። ብረት ከሆነ ትኩስ ውሃም ይችላል።

ምግቡስ?

ውሃው ከተያዘ ቀሪው ፌስታል ነው። ቀጭን ፌስታል በ1999 በወጣው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ገደብ ተደርጎበት ነበር፤ ማንም አልሰማውም። በ2017 የተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው አዲሱ አዋጅ ግን ፌስታልን ራሱን የሚከለክልና የሚያስቀጣ ነው። ስለዚህ ዘንቢል መያዝ የውዴታ ጉዳይ መሆኑ እየቀረ ነው።

ለጀልባ ምሳ አገልግል የሚያክል የለም። ከአራት ሰው በላይ ከሆናችሁ እንጀራውም ወጡም በአንድ ይገባል፣ ቆዳው ጠብታ አያሳልፍም፣ ፎይልም ፌስታልም አይጠይቅም። ለአንድና ለሁለት ሰው ግን ይከብዳል፤ ክዳኑ የሚቆለፍ ምሳ ዕቃ ይሻላል።

ዓሣ የምትገዙ ከሆነም ምሳ ዕቃውን ይዛችሁ ሂዱ። ባለፈው ሳምንት ሐይቁ ዳር ቆሮሶ የምትጠብስ ሴትዮ ጋ ክዳኑን ከፍቼ ስዘረጋላት መጀመሪያ ሳቀች። «ፌስታል አለ እኮ» አለችኝ። አይ፣ እዚህ ይሁን አልኳት። ሁለቱን ዓሣ አስተካክላ ካስገባች በኋላ ጥግ ላይ የቀረውን ቦታ አየችና አንድ ትንሽ መረቀችልኝ።